የጋሽ ፍሬቻ ፍሪሲዮን

ያን ቅዳሜ ጠዋት ወደ ግቢው ብቅ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሁለት እግር ነበር። የቀረው የጋሽ ፍሬቻ አካል መኪናው ውስጥ ነው። ጭንቅላቱ ከመሪው ሥር ገብቷል፣ ጀርባው ወለሉ ላይ ተንጋሏል፣ እግሮቹ ደግሞ በተከፈተው በር ወጥተው የጫማቸውን አፍንጫ ወደ ሰማይ ቀስረዋል። ሚስቱ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የምታወራው ለእነዚያ እግሮች ነበር።

"ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ።"

"መጣሁ" አሉ እግሮቹ።

"የፊተኛውም ሲቀዘቅዝ መጣሁ ብለህ ነበር።"

"ታዲያ ሁለቱንም አንድ ላይ እጠጣቸዋለሁ!"

ጋሽ ፍሬቻ የሚለውን ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ጉልምስናውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ በወጣ ጊዜ አውቶቡሱን አስረከበ እንጂ ሾፌርነቱን አላስረከበም። በእግሩ ሲሄድ እንኳ ማዕዘን ላይ ሊታጠፍ ሲል እንደ መኪና ፍሬቻ ክንዱን ወደ ጎን ይዘረጋል። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ ቀኝ ክንዱ ይወጣል፣ ወደ ቤቱ ቅያስ ሲገባ ግራው ይወጣል። የሰፈር ልጆች ከኋላው ተሰልፈው ክንዳቸውን እየዘረጉ ሲከተሉት ዞር ይልና፣ "ርቀታችሁን ጠብቁ እንጂ! ድንገት ብቆምስ?" ይላቸዋል። ቁጣ አልነበረም፤ ከልቡ ሊያስተምራቸው ነው። መንዳት ያላስተማረው ሰው በሰፈሩ ውስጥ ቢኖር፣ ወይ እግሩ ፔዳል ላይ ያልደረሰ ሕፃን ነው ወይ እሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ብልህ ነው።

መኪናይቱ ትንሽ ናት፤ ድሮ ሰማያዊ ነበረች። አሁን ቀለሟን የሚያውቀው ቀለሟን የሚያስታውስ ሰው ብቻ ነው። እሱ "አሮጊቷ" ይላታል። "ዛሬ አሮጊቷ ምን ሆና እንዳደረች እንጃ፣ ታስላለች" ሲል ሚስቱ ከጓዳ፣ "እኔ ደህና ነኝ" ብላ ትመልሳለች። እንዲህ እየተባባሉ ነበር የሚኖሩት።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ነገር መጣ። ፍሪሲዮኑ ጠንከር አለበት። ማርሽ ለመቀየር በግራ እግር የሚረገጠው ፔዳል፣ እስከ መጨረሻው ካልወረደ ማርሹ ጥርሱን ያፋጫል፣ መኪናይቱም ወይ ትዘላለች ወይ ሞተሯ ይጠፋል። አሮጊቷ መጀመሪያ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ጠፋች፤ እሱ አልቆጠረውም። ቀጥሎ አደባባዩ መሀል ጠፋች። አደባባይ ላይ ደግሞ የማይጠፋ ነገር ሰው ነው፤ የልጃቸው የሥራ ባልደረባ እዚያው ቆሞ ኖሮ መንገድ ተዘግቶ ክላክስ ሲጮህ፣ ጋሽ ፍሬቻም በመስኮት ብቅ ብሎ "ምን ያስቸኩላችኋል? መቃብሩ የትም አይሄድባችሁም!" ሲል አይቶ ሰምቶ ሄደ።

ጋሽ ፍሬቻ አሮጊቷን ወደ ሜካኒኩ ወሰዳት። ሜካኒኩ እሱው ራሱ መንዳት ያስተማረው፣ ወፈር ያለ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ገብቶ ተቀመጠ፣ ረገጠ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ረገጠና ከመኪናው ወረደ።

"ጋሼ፣ ፔዳሉ እኮ ቅቤ ነው።"

"ላንተ ነዋ! የዝሆን እግር ተሸክመህ ምን ይጠነክርብሃል?"

ሜካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የጋሽ ፍሬቻን ግራ ጉልበት አንዴ አየት አደረገና ዓይኑን ወደ ሌላ መኪና አዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ፍሬቻ፣ "ያ ልጅ ሥራው ተበላሽቷል፤ ፔዳሉን እኔው ቤቴ አስተካክለዋለሁ" እያለ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመሪው ሥር ይጋደም ጀመር።

በዚህ መሀል የአደባባዩ ወሬ ደርሶት ልጃቸው ስልክ ደወለ። ቢሮ የሚሠራ፣ ረጋ ያለ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ልጅ ነው፤ ቤቱ ከከተማው በላይ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። አባትና እናቱ እሑድ እሑድ እሱ ጋ ይውላሉ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ እናቲቱ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ሁሉንም ሰማች።

"አባዬ፣ የፊታችን እሑድ እኔው እመጣለሁ። አንተ ትነዳለህ፣ ዳገቱን ወጥተህ ቤቴ ታደርሰኛለህ። በደህና ካደረስከኝ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ካልሆነ ግን ቁልፉን ትሰጠኛለህ፤ መኪናዋ እኔ ግቢ ትቆማለች፣ እየመጣሁ እወስዳችኋለሁ።"

"አንተ? እኔን ልትፈትን?"

"መፈተን አይደለም አባዬ፣ ፈርቼ ነው።"

"ፍራ! እናትህም ትፈራለች። እሷ ግን ከኋላ ተቀምጣ ዝም ብላ ነው የምትፈራው።"

"እሺ በላ፣ ተስማማን?"

"ተስማማን! ቁልፉን የምታየው መሪው ሥር ተሰክቶ ነው!"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ለብዙ ጊዜ አላስቀመጠውም። እጁ ላይ ይዞት፣ መስኮቱን እያየ ቀረ። ሚስቱ ያን ፊት ታውቀዋለች። አውቶቡሱን ያስረከበ ዕለት ይዞት የመጣው ፊት ነው። ያን ቀን በእግሩ መጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ እጁ ሳይታዘዝ ኪሱን ደባበሰ። ኪሱ ውስጥ ግን የሚደባበስ ቁልፍ አልነበረም። ከዚያ ሳምንት ሙሉ፣ ወንበር ላይ በተቀመጠ ቁጥር ቀኝ እጁ ከጭኑ አጠገብ የሌለ ማርሽ ሲፈልግ አይታ፣ ባየች ቁጥር ክር የምትመርጥ መስላ አቀርቅራለች። አሮጊቷን የገዙት ከዚያ ወዲያ ነው። ስለዚህ ልጁ ቁልፍ ሲል እሷ የሰማችው ቁልፍ አልነበረም።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ የፈተናው ዋዜማ ነበር።

በበሩ የወጡት እግሮች ተንፈራገጡ፣ ወገቡ ተከተለ፣ መጨረሻ ላይ ጋሽ ፍሬቻ አቧራ ለብሶ ሙሉ ሰው ሆኖ ወጣ። ኮፈኑን ከፍቶ በትር አቆመለትና ጮኸ።

"ነይ እስቲ፣ ግቢና ርገጪልኝ!"

"የምሰፋው ዩኒፎርም ይዣለሁ።"

"ዩኒፎርሙ እግር የለውም፣ አይሄድብሽም!"

ጨርቁን አስቀምጣ፣ በነጠላ ጫማዋ ቸፍ ቸፍ እያለች መጥታ መሪው ፊት ተቀመጠች። እሱ ኮፈኑ ሥር እስከ ትከሻው ገባ። ከሞተሩ ጎን፣ የፍሪሲዮኑ ገመድ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ሁለት ዳዶዎች አሉ፤ አንዱ ገመዱን ያጠብቃል ወይ ያላላል፣ ሌላው እንዳይንቀሳቀስ ይቆልፈዋል።

"ርገጪ!"

"ረገጥኩ።"

"አልረገጥሽም!"

"ኧረ ረግጫለሁ ሰውዬ!"

"የረገጥሽው ፍሬኑን ነው!"

"ታዲያ ርገጪ አልክ እንጂ የቱን መች አልክ?"

"ግራውን! ምናለ አንድ ቀን እንኳ ሳትከራከሪ ብትረግጪ!"

ግራውን ረገጠችው። ሳታስበው ልስልስ ብሎ ወረደ። የስፌት መኪናዋ መርገጫ እንኳ ከዚህ ይጠነክራል። እንደገና ሞከረችው። እንደገና ልስልስ አለ።

"ጠንካራ ነው፣ አይደል?" አለ ድምፁ ከኮፈኑ ሥር።

ከአንድ ዓመት ወዲህ ያየችው ሁሉ ተደርድሮ መጣባት። ሱሪውን የሚለብሰው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነው። ደረጃ ሲወጣ ቀኝ እግሩን ያስቀድምና ግራውን ይጎትተዋል፤ ሰው ካየው "ደረጃውን ማን ነው እንዲህ ያጣመመው?" ብሎ ግንበኛውን ያማል። ቅባት ደብቆ ይቀባል፤ ሽታው ቤቱን ሲሞላው ደግሞ "ጉንፋን ይዞኛል" ይላል። ግራ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ፔዳሉን አጋምሶ ይረግጠውና የቀረውን መንገድ እግሩ እምቢ ይለዋል፤ እንግዲህ የጠነከረው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሜካኒክ መሆን አያስፈልግም።

"ኧረ እንደ ድንጋይ ነው" አለችው።

"ብዬሽ አልነበር!" አለ እሱ፣ ደስ ብሎት።

ጋሽ ፍሬቻ ለሚያስተምረው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳይነግር አይለቅም ነበር። "ለፍሪሲዮን ሁለት ጣት ጨዋታ ተዉለት" ይላል። ፔዳሉ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሁለት ጣት ያህል በባዶው መውረድ አለበት፤ ያን ካላገኘ ገመዱ ሁልጊዜ እንደተወጠረ ይኖራል፣ ሞተሩም ጎማውን በደንብ አይዝለትም። "ጨዋታ የከለከልከው ፍሪሲዮን እንደ ከፋው ሰው ነው፤ ሥራ ቦታው ላይ አለ፣ ግን አይሠራም።" ያን ቅዳሜ ግን ራሱ ያስተማረውን ራሱ ረሳ። ረሳ እንኳ አይባልም፤ እያወቀ ነው። ሁለቱን ጣት ከነጠቀው፣ ፔዳሉ ገና ሲነካ ሥራ ይጀምራል፤ እግሩም ያን ያህል ሩቅ መሄድ አይኖርበትም። ነገ ካለፈ ሰኞ እመልሰዋለሁ ብሎ ዳዶውን አጠበቀ፣ ጨመረ፣ ትንሽ ትንፋሽ ወሰደና ደግሞ ጨመረ። ከዚያ ቆለፈው። ለሚስቱም የነገራት ነገር የለም።

እሷም የራሷን ሐሳብ ይዛ ነበር። የሾፌሩ መቀመጫ ሐዲዱ ዝጎ ወደ ፊት አልሄድ ካለ ቆይቷል፤ ከእነሱ በፊት መኪናዋን የነዳት ሰው ባለረጅም እግር ሳይሆን አይቀርም። ባሏ ወደ ፔዳሉ ቀረብ ቢልስ? ጉልበቱ ሳይዘረጋ ይደርስ ነበር። ይህን ብትለው ደግሞ ጉልበት የሚባል ቃል ከአፏ ሊወጣ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያን ቀን ሰላም የለም።

ምሳ በልቶ ጋደም ሲልላት መኪናዋ ውስጥ ገባች። የወንበሮቹን ልብስ የሰፋችው ራሷ ናት፤ የቱ ጋ እንደሚፈታ ታውቃለች። የጀርባውን ስፌት ተረተረችና ከሥራ የተረፈ ወፍራም ስፖንጅ አጥፋ ከተተችበት። ትንሽ አሰበችና ሌላ ጨመረችለት። በቆልማማ መርፌ፣ በዚያው ቀዳዳ፣ በዚያው ቀለም ክር መልሳ ሰፋችው። ከመኪናው ወርዳ ከሩቅ አየችው። ወንበሩ ጥሩ ምሳ የበላ ይመስላል እንጂ ሌላ ምንም አይታወቅበትም።

ከሰዓት በኋላ እሱ ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ሊሞክራት ገባ። ግራ እግሩን አነሣ። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። አላመነም፤ ለቀቀና ደግሞ ረገጠ። ማርሹ እልል እያለ ገባ። ሰፈሩን በሜዳው በሜዳው ዞሮ ሲመለስ ገና በሩ ላይ ሳለ ነው መጮህ የጀመረው።

"አየሽ! ጠነከረ ጠነከረ ስል ማን ሰማኝ? ዳዶ ነበር! አንዲት ዳዶ!"

"እጅህ ይባረክ" አለች እሷ፣ ጥርሷን ነክሳ።

"ያንን ወፍራም ሜካኒክ ጠርተሽ ብታሳዪልኝ!"

"ተወው፣ ይከፋዋል።"

እሑድ ልጁ አዲስ ጫማ አድርጎ በታክሲ መጣ። እናቱን ሳመ፣ አባቱን ሳመ፣ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ቀበቶውን አሰረ። እናቲቱ ከኋላ፣ ልክ ከባሏ ጀርባ፣ ስፌቷ በሚታያት ቦታ ተቀመጠች። ጋሽ ፍሬቻ ያን ቀን ኮት ለብሷል። መስታወቱን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ድሮ አውቶቡሱን ሲያስነሳ እንደሚያደርገው "የቆማችሁ ያዙ" ብሎ ለቀቃት።

ሜዳው ላይ ምን ጉድ! አሮጊቷ ዕድሜዋን ትታ ተንሳፈፈች። ያን አደባባይ እንኳ አንገቱን ሳያዞር፣ በኩራት፣ ማርሹን በሁለት ጣት እየገፋ አለፈ። ልጁ ግን እግሩ አላርፍ ብሎ፣ መኪና ፊታቸው በገባ ቁጥር ወለሉን ይረግጣል።

"እዚያ ጋ ፍሬን የለም" አለው አባቱ። "ወለሉን እንዳትበሳብኝ፣ አሮጌ ነው።"

"ምንም አላልኩም አባዬ።"

"እግርህ ብዙ እያለ ነው።"

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንግዲህ ዳገቱ ላይ መጣ። ግማሹን እንደወጡ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አደረገ። ጋሽ ፍሬቻ ቤንዚን ጨመረ። ሞተሩ ባሰበት፣ አጓራ፣ መኪናይቱ ግን በመሄድ ፈንታ ታስብ ጀመር። የሚያጓራው ሌላ፣ የሚሄደው ሌላ ሆነ። በእግሩ የሚወጣ ሽማግሌ በጎናቸው ደረሰባቸው፣ ሰላም አላቸውና አለፋቸው።

"አባዬ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል።"

"የሰው ቤት ነው። ድስት አሮባቸው ይሆናል።"

"የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" አለች እናቲቱ ከኋላ፣ ለራሷ ያህል።

ወዲያው አሮጊቷ ቆመች። ጋሽ ፍሬቻ የእጅ ፍሬኑን ሳበው፤ ልጁ ዘሎ ወርዶ ድንጋይ ፈልጎ ከኋላ ጎማ ሥር ወሸቀ። ከኋላቸው የነበረ ሚኒባስ ክላክሱን አንባረቀና ሊያልፋቸው ሲል ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

"ፋዘር! እግርዎን ከፍሪሲዮኑ ላይ ያንሱ እንጂ! አቃጠሉት እኮ!"

ጋሽ ፍሬቻ ሊሳደብ አፉን ከፈተ። ግን ሾፌሩ ያለው ቃል እሱ ራሱ ለስንቱ ሲጮህበት የኖረው ቃል ነበርና አፉን እንደከፈተ ወደ ታች አየ። ግራ እግሩ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ፔዳሉ ላይ ተጋድሟል። ሊያነሳው ሞከረ፤ ማንሻ ቦታ የለም። ጉልበቱ ታጥፎ ከመሪው ሥር ደርሷል። ያን ጊዜ ነው እጁን ወደ ኋላ ልኮ የወንበሩን ጀርባ የዳሰሰው።

"ይሄ ወንበር ምን በልቶ ነው እንዲህ የወፈረው?"

ሚስቱ ከኋላ ቦርሳዋን መፈተሽ ጀመረች።

"አንቺ።"

"አቤት።"

"ወንበሩን ምን አብልተሽው ነው?"

"ስፖንጅ።"

"መቼ?"

"ተኝተህ ሳለህ።"

ጋሽ ፍሬቻ መሪውን እንደያዘ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ ደግሞ ጨዋታውን በሙሉ ነጥቄዋለሁ።"

"ምንድን ነው የምትባባሉት?" አለ ልጁ በመስኮቱ አጎንብሶ። ሲነግሩት መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ ገባው። እናቱ ባሏን ወደ ፔዳሉ ገፍታዋለች፣ አባቱ ፔዳሉን ወደ ራሱ ጎትቶታል፣ አንዳቸውም ለሌላው አልነገሩም። እግሩ ፔዳሉ ላይ እንደተኛ፣ ገመዱም እንደተወጠረ፣ ያ ሁሉ ዳገት ፍሪሲዮኑ ሳይለቅም ሳይዝም ሲፋተግ መጥቷል። ልጁ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ፊቱ ግን አልታዘዘለትም፣ ዞር ብሎ የሚያስል መሰለ።

እናቲቱ በመዳፏ አፏን ሸፈነች። ምክንያት ነበራት። ይቺ ሴት መንጃ ፈቃድ አላት። በወጣትነቷ፣ መንጃ ፈቃዱን ባወጣች ሰሞን፣ እዚያው ከተማ ሌላ ዳገት ላይ የሰው መኪና ፍሪሲዮን አቃጥላ ነበር። ባሏ ያን ታሪክ ያላወራበት ቤት፣ ያላሳቀበት ሰው የለም። ጭሱን በእጁ እየሠራ ነበር የሚያወራው። እሷም ስቃ ስቃ፣ ከዚያ ወዲያ መሪ አልያዘችም፤ ፈቃዷን ግን ጊዜው ባለቀ ቁጥር ሹልክ ብላ ሄዳ ታሳድሰዋለች። ለምን እንደሆነ ጠይቆ የሚያውቅ የለም።

"ሳቂ እንግዲህ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አላት ሳይዞር።

"አልሳቅኩም።"

"ጀርባዬ ይሰማዋል። ስፖንጁ እየተንቀጠቀጠ ነው።"

ያን ጊዜ ነው ያመለጣት። ሳቀች፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ሳቀች፤ ልጁም መያዝ አቃተው። ጋሽ ፍሬቻ ብቻ አልሳቀም። ሳቁ ሲያልቅ ሁሉም ያስታወሰው አንድ ነገር ነበር። ልጁ በስልክ የተስማሙትን ነገር በአፉ አላነሳም፤ በመስኮቱ እጁን ዘረጋ ብቻ። እጁ ክፍት ነበር፣ ደግሞም ያፈረ እጅ ነበር።

አባቱ እጁን አየው። መሪው ሥር የተሰካውን ቁልፍ አየ።

"ፔዳሉ አይደለም" አለ። "ጉልበቴ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ ልጁ።

"አውቃለሁ" አለች እናቲቱ።

"እንዴ! ሁላችሁም?"

"ሜካኒኩም ያውቃል።"

"ዳቦ ቤቱም ሳያውቅ አይቀርም" አለ ልጁ።

"ታዲያ ምን ነክቷችሁ ዝም አላችሁኝ?"

ሚስቱ ከኋላ እጇን ትከሻው ላይ አደረገችና፣ "ፔዳሉን ስታማ ደስ ይልህ ነበራ" አለችው።

ጋሽ ፍሬቻ ቁልፉን ሳይነቅል ወረደ። ኮቱን አውልቆ ለልጁ አስያዘና ኮፈኑን ከፈተ፣ ዳዶውን ፈታ፣ የነጠቀውን ሁለት ጣት መለሰለት። "ርገጪ!" ሲል ሚስቱ ተሻግራ ፊት ተቀምጣ ነበር፤ ዛሬ የቱን ብላ አልጠየቀችም። ከዚያ ሽታው እስኪወጣ፣ ብረቱ እስኪበርድ መንገድ ዳር ተቀምጠው ጠበቁ፤ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሁሉ ሰላም አሉ።

ልጁ፣ "በሉ፣ ከዚህ ወዲያ እኔ ልንዳ" ብሎ ገባ። የእሱ መኪና ማርሹን ራሱ የሚቀይር ነው፤ ግራ እግሩ ሥራ ከፈታ ብዙ ጊዜው ነው። አስነሳት፣ ለቀቃት፣ አሮጊቷ ዘላ ጠፋች። ደግሞ አስነሳት፤ ወደ ኋላ ተንሸራትታ ድንጋዩን ገጨችና ጠፋች። ላቡ ሸሚዙ ላይ ወጣ። ጋሽ ፍሬቻ መንገድ ዳር እንደቆመ፣ ፊቱ ቀስ እያለ በራ።

"አይዞህ" አለው። "ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጀምረው።"

"አባዬ፣ እባክህ።"

"እዚያ ጋ ግን ፍሬን አለ። አሁን ርገጠው።"

"ውረድ" አለች እናቲቱ።

"እማዬ?"

"ውረድ አልኩህ። ድንጋዩን ያዝልኝ።"

ባሏ አያት። ከላይ ዳገቱን አየ፣ እሷን አየ። ጭሱን በእጁ ሊሠራ አልሞከረም።

"ዳገት ላይ?"

"ዳገት ላይ።"

ገባች። ያ የወፈረ ወንበር ልክ ለእሷ የተሠራ ይመስል አቀፋት። ጋሽ ፍሬቻ ዞሮ ከአጠገቧ ተቀመጠ፤ በዚያ በኩል ተቀምጦ አያውቅምና ጉልበቱን የት እንደሚያደርግ ትንሽ ተቸገረ። ቀኝ ሆኖ የኖረው ማርሽ አሁን በግራው ነው። ግራ እጁ ግን ሳይጠየቅ ሄዶ ያዘው።

"አንቺ ርገጪ፣ ማርሹን ለእኔ ተይልኝ።"

"አትጩህብኝ ታዲያ።"

"መች ጮህኩ?"

"ልትጮህ ነው። ይኸው፣ አንገትህ ወፍሯል።"

"ርገጪ። እስከ መጨረሻው... ጎሽ። አሁን አንደኛ ገባ። ቤንዚን፣ ትንሽ። ድምፁን ስሚው። ቀስ... ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ሲንቀጠቀጥ ያዢው፣ እዚያ ላይ ያዢው..."

"ዝም በል፣ ሰምቼዋለሁ።"

ዝም አለ። እውነትም ሰምታዋለች። ጨርቅ መርፌ ሥር ሲገባ የምታውቀው መያዝ ነው፤ አሮጊቷ ወገቧን ቀጥ አድርጋ፣ ያለ ጩኸት፣ ያለ ሽታ፣ ወደ ፊት ሄደች። ልጁ ድንጋዩን ታቅፎ፣ የአባቱን ኮት ትከሻው ላይ ጥሎ፣ በአዲሱ ጫማው ከኋላ እየሮጠ ይከተላል፤ ምናልባት ቢንሸራተቱ ብሎ ነው። አልተንሸራተቱም። ማርሽ የሚቀየርበት ቦታ ሲደርስ ጋሽ ፍሬቻ "ርገጪ" ይላል፣ ስትረግጥ ያስገባል፤ ትንሽ እንደሄዱ ግን እሷ ሳይላት መርገጥ፣ እሱ ሳትነግረው ማስገባት ጀመሩ። መንገደኛ ቆሞ ያያቸው ነበር። ቀድሟቸው ሄዶ መንገድ ዳር አረፍ ያለው ሽማግሌ ጋ ሲደርሱ ጋሽ ፍሬቻ በመስኮት ሰላም አለው።

ልጁ ቤት በር ላይ አቆመቻት። ትንሽ ጠመም ብላለች፣ አንዱ ጎማ ድንጋዩ ላይ ወጥቷል፤ ባሏ አየው፣ አላነሳባትም። ሞተሩን አጠፋች። እጇ መሪው ላይ እንዳለ ለትንሽ ጊዜ አልወረደችም።

"ቁልፉን" አላት እሱ፣ መዳፉን ዘርግቶ።

ልጁ ያን ጊዜ እያለከለከ ደረሰ። ድንጋዩን ገና አልጣለውም። ቁልፉ ከእናቱ እጅ ወደ አባቱ እጅ ሲያልፍ አይቶ አፉን ከፈተ፤ እናቱ ስታየው ዘጋው።

ጋሽ ፍሬቻ ወርዶ በሮቹን አንድ በአንድ ቆለፈ። ማታ ማታ አውቶቡሱን ሲያሳድር እንደሚያደርገው እየዞረ እጀታቸውን ሳብ ሳብ አድርጎ አረጋገጠ። ሲጨርስ ቁልፉን መዳፉ ላይ አድርጎ ቆመ። ትንሽ ነገር ናት፣ ጥርሷ ያለቀ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ሄደ፣ ክንዷ ላይ የተንጠለጠለውን ቦርሳ ራሱ ከፈተው፣ ቁልፉን ወደ ውስጥ አኖረና መዝጊያውን ቀጭ አደረገ።

"ከመርፌ ጋር አታቀላቅይው" አላት።

"እሺ።"

"ስንመለስ ቁልቁለት ነው። ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል፤ ሰው አያውቅም እንጂ።"

"ታስተምረኛለሃ።"

"ካልተከራከርሽኝ።"

"እሱንስ እንጃ" አለችው፤ ግራ ክንዱን ይዛ፣ ደረጃው ላይ ቀኝ እግሩን እስኪያስቀድም ቆማ ጠበቀችው።